ያደረ ሕመም ድንገተኛ አይባልም

የሐዘን ማስታወቂያ የሚጽፉ ሰዎች ከዓመት ዓመት የማይለውጡት አንድ ሐረግ አላቸው፤ «ባደረበት ድንገተኛ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ»። በቤተ ክርስቲያን አጥር ላይ የተለጠፈውም፣ በቴሌግራም የሚዘዋወረውም ይኸው ነው። ሟቹ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። ማታ ራቱን በልቷል፣ ዜና አይቷል፣ ለልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ቆጥሮ ሰጥቷል። ጠዋት አልነቃም። ወይም በር ላይ ወድቆ ተገኘ፤ አፉ ተጣመመ፤ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው፤ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። ለቀስተኛው አንገቱን እየነቀነቀ «ትናንት እኮ ደህና ነበር» ይላል።

ሐረጉን ቀስ ብሎ ላነበበው ግን ራሱን በራሱ ያፈርሳል። «ባደረበት» ሲባል ሕመሙ ሰውየው ውስጥ አድሯል ማለት ነው፤ ያደረ ነገር ደግሞ ድንገተኛ አይባልም። ስትሮክም ሆነ የልብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከዓመታት በፊት ገብቶ የተቀመጠ እንግዳ ነው። ከፍ ያለ የደም ግፊት አሥር ዓመትም ሃያ ዓመትም ሳያሳምም፣ ሳያስተኛ፣ ሥራ ሳያስፈታ የደም ሥሮችን፣ ልብንና ኩላሊትን ሲጎዳ ይኖራል። ድንገተኛ የሆነው ዜናው እንጂ ሕመሙ አይደለም።

እንዲህ ያለውን እንግዳ ከመለካት በቀር የሚያጋልጠው ነገር የለም። ኢትዮጵያም በአንድ ወቅት በሰፊው ለክታ አይታዋለች።

በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ሆኖ፣ ሥር ለሰደዱ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች የሚያጋልጡ ሁኔታዎችን የሚመለከት የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ጥናት አካሄደ። ባለሙያዎች «ስቴፕስ» ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ ብዙ አገሮች በአንድ ዓይነት መንገድ የሚጠቀሙበት፣ ሦስት ደረጃ ያለው አሠራር ነው። መጀመሪያ መጠይቅ አለ፤ ስለ ሲጋራ፣ ስለ አልኮል፣ ስለ ጫት፣ ስለ ምግብ፣ ስለ አካል እንቅስቃሴ ይጠየቃል። ቀጥሎ ሰውነት ይለካል፤ ቁመት፣ ክብደት፣ ወገብ፣ የደም ግፊት። በመጨረሻ ደምና ሽንት ይመረመራል፤ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ጨው። በመላ አገሪቱ 513 የቆጠራ ቦታዎች ተመረጡ፤ ከእያንዳንዱ 20 ቤት፣ በድምሩ 10,260 ቤት። ከየቤቱ ዕድሜው ከ15 እስከ 69 የሆነ አንድ ሰው በዕጣ ይወጣል። 9,800 ሰዎች ፈቅደው ተሳተፉ።

በሪፖርት ላይ ይህ የሁለት መስመር ጉዳይ ነው። መሬት ላይ ግን የእግር መንገድ፣ የሚያባርር ውሻ፣ ዝናብና «እናንተ ደግሞ ከየት ናችሁ?» የሚል ጥያቄ ነበር።

ከመረጃ ሰብሳቢዎቹ አንዷ ያኔ 26 ዓመቷ የነበረ ነርስ ናት። ደሴ ተወልዳ ያደገች፣ አዲስ አበባ ተቀጥራ የምትሠራ ነበረች። ሥራው ከሆስፒታል ነርስነት የተለየ መሆኑን የተረዳችው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሆስፒታል የሚመጣ ሰው አሞኛል ብሎ ነው የሚመጣው። እዚህ ግን እሷ ናት ጤነኛ ነኝ የሚል ሰው ቤት የምትሄደው። ዕጣ የወጣለት ሰው እርሻ ላይ ከሆነ እስኪመለስ ይጠበቃል፤ ጎረቤቱ «እኔን ለኪኝ» ቢላት በእሱ መተካት አይቻልም። ምክንያቱም ቤት የሚገኘውን ብቻ ከለኩ ውጤቱ የቤት ዋዮች ጤና እንጂ የአገር ጤና አይሆንም። ግፊት ከመለካቱ በፊት ሰውየው አረፍ ማለት አለበት። ሦስት ጊዜ ይለካል፤ የመጀመሪያው ይተዋል፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ተደምረው ለሁለት ይካፈላሉ። የመጀመሪያው የሚተወው እንግዳ ሰው ክንድ ሲያስር የማንም ልብ ትንሽ ስለሚደነግጥ ነው። ለስኳር ምርመራ ደግሞ ሰውየው ማታ ከበላ ወዲህ እህል ሳይቀምስ በማለዳ መገኘት አለበት፤ ቡናም ቢሆን አይፈቀድም። ገበሬን ቁርስ ሳትበላ ጠብቀኝ ማለት ቀላል አይደለም።

በአንድ የገጠር ቀበሌ ዕጣው ለአንድ ስድሳ ዓመት ለተጠጉ ሰው ወጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጎንበስ ያላሉ ሰው ናቸው። አጎዛ ላይ ተቀምጠው ክንዳቸውን ሰጧት። ሦስቱም ልኬት ከ180 በላይ ሆነ። መሣሪያው አየሩን ለቅቆ ዝም ሲል ቀና ብለው አዩዋት።

«ምን አለ ልጄ?»

«አባባ፣ ግፊትዎ ከፍ ብሏል።»

«ከፍ ማለቱ ደግ ነው ክፉ?»

«ደግ አይደለም አባባ። ጤና ጣቢያ መሄድ አለብዎት። ወረቀት እጽፍልዎታለሁ።»

«እኔ እኮ አሞኝ አያውቅም። ትናንት ሳርስ ነው የዋልኩ።»

ወረቀቱን አጥፈው ከጋቢያቸው ሥር አስገቡት። ጤና ጣቢያው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ነርሷ በማግስቱ ወደ ሌላ ቀበሌ ተሻገረች። ሰውየው ይሂዱ አይሂዱ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ጥናቱ የተሠራው የአገርን መልክ ለማየት ነው፤ አንድን ሰው ተከትሎ እስከ ደጁ ለመድረስ አይደለም። እሷን ግን ለዓመታት የተከተላት ያ «አሞኝ አያውቅም» የሚለው ቃል ነው።

ውጤቱ ሲወጣ ሰውየው ብቻቸውን እንዳልነበሩ ታየ። ከ15 እስከ 69 ዓመት ካለው ሕዝብ ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊቱ ከፍ ያለ ነው። ከስድስት ሰው አንዱ መሆኑ ነው። ከመቶ 6 ገደማ በደሙ ያለው ስኳር ከልክ ያለፈ ወይም በመድኃኒት ላይ ያለ ነው። ሲጋራ የሚያጨሰው ከመቶ 4 ገደማ ነው፤ ብዙ አገሮች የሚቀኑበት ቁጥር ነው። ባለፉት 30 ቀናት አልኮል የቀመሰው ከመቶ 41 ገደማ፤ ጫት የሚቅመው ከመቶ 16 ገደማ። አንድ ሰው በቀን የሚበላው ጨው በአማካይ 8.3 ግራም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ግራም አይለፍ ይላል። አትክልትና ፍራፍሬ በሚመከረው መጠን የማይበላው ከመቶ 97 በላይ ነው። ከመጠን ያለፈ ክብደት ያለው ግን ከመቶ 6 ገደማ ብቻ ነው።

የመጨረሻውን ቁጥር ከመጀመሪያው አጠገብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ወፍራም ሰው ጥቂት ነው፤ ግፊት ያለበት ሰው ግን ብዙ ነው። ይህ ማለት ግፊት ካለባቸው ብዙዎቹ ቀጫጮች ናቸው። በአማርኛ በሽታው «ደም ብዛት» ይባላል፤ ስሙን የሰማ ሰው ደሙ የተትረፈረፈ፣ ጉንጩ የቀላ፣ ሥጋ የሚያዘወትር፣ ቶሎ የሚቆጣ ሰው ነው የሚታየው። ስኳርም እንደዚሁ «የሀብታም በሽታ» ተብሎ ኖሯል። አጎዛ ላይ ተቀምጠው የተለኩት ገበሬ በዚህ ሥዕል ውስጥ የሉም። ደም አልበዛባቸውም፤ ሀብትም እንደዚሁ። ቃሉ ራሱ በሽታውን ከማይጠረጠር ሰው ቤት ደብቆለታል።

ፍራፍሬም የራሱ ወግ አለው። ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል የሚያዘው ብዙውን ጊዜ የታመመ ሰው ለመጠየቅ ነው። ጤነኛ ሰው ራቱን በልቶ ሲያበቃ ብርቱካን መላጡ በብዙ ቤት እንደ ቅንጦት ይታያል፤ ዋጋው ሲታይም ቅንጦት ነው። እናም ከመቶ 97 የሚለውን ቁጥር በዕውቀት ማነስ ብቻ ማብራራት ሐቁን ግማሽ ማድረግ ነው። ለስድስት ሰው ቤት በየቀኑ ፍራፍሬ ግዛ የሚል ምክር፣ ደመወዙን ለሚያውቅ አባወራ ምክር ሳይሆን ቀልድ ይመስለዋል።

ከሁሉም የሚከብደው ቁጥር ግን ብዙም አልተጠቀሰም። ግፊታቸው ከፍ ብሎ ከተገኙት መካከል በጥናቱ ወቅት መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት ከመቶ አምስት አይሞሉም። ማለትም ግፊት ካለባቸው ሃያ ሰዎች አሥራ ዘጠኙ ምንም አይወስዱም፤ አብዛኞቹም ከዚያ ቀን በፊት ክንዳቸው ላይ መለኪያ ታስሮ አያውቅም። ሕመሙ በብዙ ሰው ላይ አድሯል፤ የቤቱ ባለቤት ግን እንግዳ መግባቱን አልሰማም።

ነርሷ ከመስክ እንደተመለሰች ደሴ ወላጆቿ ዘንድ ሄደች። አባቷ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁለተኛው ቀን ማታ ቡና ተፈልቶ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አላት። ሁለት ወር ሙሉ ስማቸውን የማታውቃቸውን ሰዎች ስትለካ ከርማለች፤ አባቷን ግን አንድም ቀን ለክታቸው አታውቅም። መለኪያውን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ምንድን ነው ደግሞ እሱ?» አሉ።

«አባዬ፣ እስቲ ክንድህን ስጠኝ።»

«እኔ ምን ሆኜ?»

«ምንም ሳትሆን ነው የሚለካው።»

165 በ100 ወጣ። ደግማ ለካች፤ ያው ነው። በማግስቱ ጠዋትም፣ በሳምንቱም ያው ሆነ። እናቷ ወዲያው «ያ የወንድሙ ነገር አናዶት ነው» አሉ። በብዙ ቤት ግፊት የንዴት ልጅ ነው፤ ንዴቱ ሲበርድ እሱም የሚሄድ ይመስላል። አባቷ ደግሞ ከዚያ ገበሬ ጋር ተማክረው የተናገሩ ይመስል «እኔ እኮ ምንም አይሰማኝም» አሉ።

መድኃኒት ተጀመረ። የግፊት መድኃኒት እንደ ካንሰር መድኃኒት ብርቅና ውድ አይደለም፤ አምሎዲፒንም ሆነ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ዕድሜ ያላቸው፣ ከርካሾቹ ወገን የሚቆጠሩ ክኒኖች ናቸው። ከባዱ መዋጡን መቀጠል ነው። በኢትዮጵያ የመድኃኒት ትርጉም የሚያድን ነገር ነው፤ ሰው ሲታመም ይወስዳል፣ ሲሻለው ያቆማል። አባትየውም በሦስተኛው ወር ሲለኩ 130 ሆኖ አገኙትና «ዳንኩ» ብለው ተዉት። በስልክ ሲነግሯት እንደ ምሥራች ነው የነገሯት። ግፊቱ የወረደው ክኒኑ ስላለ መሆኑን፣ ክኒኑ ሲቀር ግፊቱም እንደሚመለስ ለማስረዳት ነርስነቷ አልበቃትም፤ ልጅነቷም ተጨመረበት።

ቀጥሎ ሑዳዴ መጣ። አባቷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ ክኒኑ ደግሞ የታዘዘው ጠዋት ነው። ውሃ ሳይቀምሱ መድኃኒት መዋጥ አይሆንላቸውም፤ ስለዚህ ሃምሳ አምስቱን ቀን ሊዘሉት ተነሡ። ሐኪሙን ያማከረችው እሷ ናት፤ ሰዓቱ ወደ ማታ ተዛወረ፤ ጾሙም መድኃኒቱም ሳይነካኩ አለፉ። ጎረቤታቸው ሼኽ ያንን ሰምተው በረመዳን የራሳቸውን የስኳር መድኃኒት ሰዓት ሐኪም ጠይቀው አስተካከሉ። ነገሩ ትንሽ ነው፤ በሽተኛውን «ወይ ጾምህን ወይ መድኃኒትህን» ብሎ ከማፋጠጥ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል። ዳሩ ግን ጥያቄውን የሚጠይቅ ነርስ ልጅ ሁሉም ሰው የለውም።

አባቷ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ክኒናቸውንም ይውጣሉ። ይህ የሆነው አገሪቱ ስለለካች አይደለም፤ አገሪቱን የለካች ልጅ በአጋጣሚ የእሳቸው ልጅ ስለሆነች ነው። ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጥናት ከስድስት ሰው አንዱ ታሟል ብሎ ካወጀ በኋላ፣ መዳኑ በዕድል ከሆነ ቁጥሩ ዜና ሆኖ ይቀራል።

ቁጥር ዜና ብቻ እንዳይሆን ምን ያስፈልጋል? ኢትዮጵያ መልሱን በሌላ መስክ አሳይታለች። የሕፃናትና የእናቶች ጤና በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 እየተደጋገመ ተለክቷል። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ከ1,000 ውስጥ 166 የነበሩት ወደ 123፣ ከዚያ ወደ 88፣ ከዚያ ወደ 67 ወረዱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ ክትባት ሲስፋፋ፣ ለውጡ በየጊዜው በቁጥር ይታይ ነበር። ተከራካሪ ይከራከርበታል፣ ሚኒስትር ይጠየቅበታል፣ ለጋሽ ይለግስበታል። አንድ ልኬት ፎቶግራፍ ነው፤ ተደጋጋሚ ልኬት ነው ወዴት እየተሄደ እንደሆነ የሚናገረው።

ከሩቅ አገርም ምሳሌ አለ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ በፊንላንድ ሰሜን ካሬሊያ በሚባለው ግዛት ጎልማሳ ወንዶች በልብ ሕመም የሚሞቱበት ቁጥር ከዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ነበር። ሕዝቡ ራሱ ለመንግሥት አቤት አለ። በ1972 ፔካ ፑስካ የተባለ ገና ሠላሳ ያልሞላው ሐኪም የሚመራው ፕሮጀክት ተጀመረ። የመጀመሪያ ሥራቸው መለካት ነበር፤ ከዚያም በየአምስት ዓመቱ ደግመው ለኩ። ቅቤውን፣ ጨውን፣ ሲጋራውን ለመቀነስ ከሴቶች ማኅበራት፣ ከሱቆችና ከምግብ ፋብሪካዎች ጋር ሠሩ። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ በዚያ ግዛት በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ወንዶች ዘንድ በልብ ሕመም መሞት ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። ፊንላንዶች የተለየ ደም የላቸውም። ለክተው፣ አድርገው፣ ደግመው ለክተዋል።

ኢትዮጵያውያንም ቢሆን ከዚህ በሽታ የሚጠብቃቸው የተለየ ደም እንደሌላቸው በእስራኤል የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከጎንደር ገጠር የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን እዚያ ሲደርሱ የስኳር በሽታ እምብዛም አልነበረባቸውም። እህሉ፣ ሥራው፣ እግር መንገዱ ሲለወጥ ግን በሽታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በወጣቶቹም ሳይቀር፣ ጎልቶ መታየት ጀመረ፤ የአገሩ ሐኪሞችም መዝግበውታል። ዛሬ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚገባው ወጣት ያንኑ ጉዞ አውሮፕላን ሳይሳፈር እየተጓዘ ነው። ጠዋት በታክሲ፣ ቀን በወንበር፣ ማታ በለስላሳ። ከዓመታት በፊት በአዲስ አበባ አዋቂዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው ከአሥር ሦስት ገደማ መሆኑን አሳይቶ ነበር። የከተማው ዛሬ የገጠሩ ነገ ሊሆን ይችላል።

መንግሥት ዝም ብሎ ተቀምጧል ማለት ግን ሐሰት ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቦታዎች ሲጋራ ማጨስን ከልክሏል፤ በፓኬቱ ላይ የሥዕል ማስጠንቀቂያ አስቀምጧል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላው አልኮል እንዳይሸጥ ደንግጓል። አዋጁን ተከትሎ የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን ጠፋ፤ ያን ጊዜ የጣቢያዎቹን ኪስ የነካ ነገር ነበር። በ2012 የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ተሻሽሎ በትምባሆና በአልኮል ላይ ያለው ግብር ከበደ፤ ለስላሳ መጠጥም አልቀረለትም። እነዚህ ደግ ሥራዎች ናቸው።

ጨው ግን ማስታወቂያ የለውም፤ ስለዚህ የሚነቀል ቢልቦርድም የለውም። ፊንላንድ ውስጥ ጨው ይመጣ የነበረው በዳቦና በፋብሪካ ምግብ ነው፤ መንግሥት ከፋብሪካው ጋር ተነጋግሮ ሊቀንሰው ቻለ። በኢትዮጵያ ጨው የሚጨመረው በየቤቱ ነው፤ ሽሮው ውስጥ፣ በርበሬው ሲዘጋጅ፣ በአንዳንድ አካባቢ ቡናው ውስጥ። በእፍኝ የምትለካዋ እጅ የእናት እጅ ናት። እሷን አዋጅ አይደርስባትም፤ የምታምናት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግን ትደርስባታለች። በጨው ጉዳይ መንግሥት ከዚህ ቀደም ያደረገው ነገርም አለ፤ እንቅርትን ለመከላከል ለገበታ የሚሸጠው ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. በደንብ ወስኗል። አዮዲኑን ወደ ድስቱ ያስገባ አገር፣ «አዮዲን ያለውን፤ ግን በጥቂቱ» የሚለውን ቃል ማስገባት አያቅተውም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ወባ ያለበት፣ እናት በወሊድ የምትሞትበት፣ ጦርነት ጤና ጣቢያ ያወደመበት አገር ለማይሰማ ሕመም ምን በጀት አለው? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ምርጫው በበሽታና በበሽታ መካከል አይደለም። ስትሮክ የጣለው አባወራ አልጋ ላይ ሲውል ሚስት ሥራ ትፈታለች፤ ልጅ ከትምህርት ይቀራል፤ በሬው ይሸጣል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ለእጥበት በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ዘመድ ይዋጣል፤ በየማኅበራዊ ሚዲያው «ወገኖቼ ድረሱልኝ» የሚል ቪዲዮ ይለቀቃል። ለእነዚያ ቪዲዮዎች ከሚዋጣው ገንዘብ ጥቂቱ ከዓመታት በፊት ለክኒን ውሎ ቢሆን ብዙዎቹ ባልተቀረጹ ነበር። ድሃ አገር ለመከላከል አቅም የለኝም ካለ፣ ለማዳን ከየት ያመጣል?

የሚያስፈልገውም ተአምር አይደለም። ለማንኛውም ምክንያት ጤና ጣቢያ የገባ አዋቂ ሁሉ፣ ለጉንፋንም ይሁን ልጅ ለማስከተብ፣ ግፊቱ ሳይለካ እንዳይወጣ። ክኒኑ ለአንድ ሳምንት ሳይሆን ቢያንስ ለሁለትና ሦስት ወር እንዲሰጥ፤ በየሳምንቱ የሁለት ሰዓት መንገድ የሚሄድ ገበሬ የለምና። የቀረ በሽተኛ እንዲፈለግ፤ የቲቢ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ቤቱ ድረስ ተሄዶ የሚጠራበት አሠራር አለ፤ የግፊት በሽተኛ ለምን ይረሳል? አገር አቀፉ ጥናትም እንደ ሕፃናቱ ጥናት ቀን ተቆርጦለት እንዲደጋገም፤ ሲደጋገምም «ስንቱ ታሟል» ብቻ ሳይሆን «ስንቱ ያውቃል፣ ስንቱ ይታከማል፣ የስንቱ ወርዷል» የሚለው በርዕስነት እንዲወጣ።

ከመንግሥት ውጭ ደግሞ እድር አለ። እድር በኢትዮጵያ ከማንኛውም መሥሪያ ቤት ይልቅ አባሉን የሚያውቅ ድርጅት ነው። በወር አንድ ቀን ይሰበሰባል፤ ስም ይጠራል፤ የቀረውን ይቀጣል፤ የዘገየውን ይጠይቃል። ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ አንዳንዱም አስከሬን ማጓጓዣ መኪና አለው። ያ ሁሉ ንብረት ሥራ የሚጀምረው ግን አባሉ ከሞተ በኋላ ነው። አንድ የግፊት መለኪያ ከድንኳኑ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። የሰፈሩ ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በወሩ ስብሰባ ላይ አንድ ጥግ ይዛ ብትቀመጥ፣ መዋጮውን የከፈለ ሁሉ ክንዱን ሰጥቶ ቢያልፍ፣ ሰነፍ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም መዋጮ ሊከፍል መጥቷልና።

የእድሩ ጸሐፊ መዝገብ ላይ አሁን ያሉት ዓምዶች የአባሉ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የወሩ መዋጮና ቅጣት ናቸው። በቀኙ በኩል ለአንድ ዓምድ የሚበቃ ባዶ ቦታ አለ።